የተከበረ በሽታ

አሰላ ውስጥ ታሞ ብቻውን የሚተኛ ሰው የለም። ጉንፋንም ይበቃል። ጎረቤት ሲያስልህ ከሰማ አንድ ኪሎ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ በርህ ላይ ይቆማል፤ ሚስቱ ትከተለዋለች፤ ከሚስቱ ኋላ የእቁብ ጓደኞቿ ይመጣሉ። እስላም ክርስቲያን ብሎ ነገር የለም። ያልጠየቀ ሰው ይታማል፤ የራሱ ተራ ደርሶ ሲተኛም ጣራ ሲያይ ይውላል። እንዲህ ባለ ከተማ የሁሴኖና የጠይባ ልጅ ሙቢና ከዓመት በላይ ታማ ስትኖር አንድ ሰው እንኳ አንዲት ብርቱካን አላመጣላትም። በሽታዋ ስም አልነበረውማ። ሰፈሩ የሰጠው ስም ቢኖር «ስራ የላትም» የሚል ነበር። እሱ ደግሞ እንደ ጥፋት እንጂ እንደ በሽታ አይቆጠርም።

ልጅቷ ግን ምንም አላጠፋችም። አካውንቲንግ ተምራ፣ ያን ስንቱን ያስለቀሰ የመውጫ ፈተና በመጀመሪያው አልፋ ነው የመጣችው። አባቷ ሁሴኖ ከሳጉሬ ገብስና ስንዴ እያመጣ የሚነግድ፣ ቃሉ ከእህሉ የሚወደድ ዝምተኛ ሰው ነው። የተመረቀች ቀን ግን በግ አርዶ፣ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ጠርቶ፣ «ልጄ ከእንግዲህ የቢሮ ሰው ናት» ብሎ በሰው ፊት ተናግሯል። ሙቢናም መጀመሪያ ላይ ሮጣለች፤ ሳትሮጥ አልተኛችም። ማስታወቂያ የሚለጠፍበት ግድግዳ ሁሉ ያውቃታል። አንዱ የሁለት ዓመት ልምድ ይላል፤ ልምዱን ከየት ታምጣው? ሌላው «ዜሮ ዓመት» ይልና ከበቆጂ፣ ከጢቾ፣ ከሳጉሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ የመጣ ምሩቅ በሩን ዘግቶ ይጠብቃታል። ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ ደግሞ ቦታው አስቀድሞ ሰው እንደተያዘለት ከጠያቂዎቹ ማዛጋት ይገባታል። «እንደውልልሻለን» ይሏታል። አይደውሉም። መንገድ ላይ የሚያገኛት ሁሉ አንድ ምክር ነበረው፦ «ሰው ፈልጊ እንጂ! ያለ ሰው ስራ አለ እንዴ?»

ከዚያ ያ ነገር መጣ። መጀመሪያ እንቅልፍ ነሳት፤ ቀጥሎ ከእንቅልፍ በቀር ሁሉንም ነሳት። ጠዋት ስትነቃ ደረቷ ላይ ኩንታል ስንዴ የተጫነ ይመስላታል። ወጡ ጨው ይኑረው አይኑረው አትለይም። ጸጉር ማበጠር የጭላሎን ተራራ እንደ መውጣት ሆነባት። ስልኳን ዘጋችው። ሰላት ላይ ቆማ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለች ይጠፋባታል። አታለቅስም፤ ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል። ሞትን አልተመኘችም፤ ብቻ አንድ ቀን ሰው ሁሉ ረስቷት ቢውል ደስ ይላት ነበር።

እንዲያም ሆኖ ዝም ብላ እጅ አልሰጠችም። ለራሷ አንድ ዘዴ አበጀች፦ በቀን አንድ ነገር ብቻ። ዛሬ እግሬን እታጠባለሁ፤ ነገ ካልሲዬን። የተረፈው ቀን ይበላሽ፤ ያቺ አንዷ ከተሰራች ቀኑ ከነነፍሱ ነው። አንዳንድ ቀን ያቺ አንዷ ብርጭቆ ማጠብ ትሆናለች፤ አንዳንድ ቀን ብርጭቆውም ያቅታታል። ይህን ዘዴዋን ለማንም አልነገረችም። ዲግሪ ይዤ ብርጭቆ ማጠብ ግብ አደረግኩ ተብሎ ለማን ይወራል?

እናቷ ጠይባ ገበያ ውስጥ ቅቤና ቅመም ትሸጣለች፤ በሕይወቷ ደክሞኛል ብላ አታውቅም። መጀመሪያ የልጇ ነገር ስንፍና መሰላትና ጮኸች። ቀጥሎ የሰው ዓይን መሰላትና ቁርዓን አስቀራች። በመጨረሻ ነገሩ ገባት፤ በእውነት የፈራችውም ያን ጊዜ ነው። የባሏ እህት ጢቾ ውስጥ እንዲሁ ጀምሯት ነበር። ዝም ዝም ብላ፣ ከቤት መውጣት ትታ፣ በመጨረሻ «እብዷ» ተብላ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ከዚያ ቤት ልጅ ልጠይቅ ብሎ ሽማግሌ የላከ የለም። ጠይባ ሐኪም አልፈራችም፤ የፈራችው ስሙን ነው። አይፈረድባትም። እዚህ አገር በሽታው ቢለቅ ስሙ አይለቅም።

ውሸቱ የተወለደው ሰርግ ቤት ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ እህሉ ከገባ በኋላ፣ ከታችኛው በር ያለችው ሙስሊም ጎረቤት ልጇን ዳረች። የሰፈሩ ሴት ልጅ ሁሉ ሽንኩርት ሊከትፍ፣ ሰሃን ሊያጥብ ተገኘ። ሙቢና ቀረች። ያን ቀን የያዘችው አንድ ነገር ከአልጋ መነሳት ነበር፤ እሱም አልሆነላትም።

«ሙቢና የታለች?» አለች አንዷ ከሽንኩርቱ መሃል።

«ዲግሪ ይዞ ሽንኩርት ይከተፋል እንዴ!» አለች ሌላዋ። ሳቁ ተከተለ።

ድስት እያማሰለች የነበረችው ጠይባ ጆሮዋ ጋለ። ልጇ ኮራች ተባለች ማለት ነው። ሌባ ይቅር ይባላል፤ ሰርግ ቤት የቀረ ኩሩ ግን ለልጅ ልጁ ይነገርበታል።

«አሟት ነው» አለች።

ሳቁ ቆመ። እትዬ ተሻለች እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ዞረች። እትዬ ተሻለች የጠይባ የአጥር ጎረቤት ናት፤ ከሰፈሩ በሽተኛ ሁሉ ራስጌ የማትጠፋ፣ ልቧ ሰፊ ድምጿም ሰፊ የሆነች ሴት። «ውይ በሞትኩት! ምኗን?»

ጠይባን ዓይን ከበባት። ከአፏ ቀድሞ የወጣው «ታይፎይድ» ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምርጫዋን ግን ልብ በሉልኝ፤ ሴትየዋ ሞኝ አይደለችም። ታይፎይድ የተከበረ በሽታ ነው። ያልያዘው ሰው የለም። ዘር አይቆጠርበትም፣ ጋብቻ አያስቀርም፤ የሚታማው ውሃው እንጂ ሰውየው አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ጠይባ ግን አልደበቀችም፤ የአደባባይ ልብስ ነው ያለበሰችው።

ቤት ስትመለስ የልጇ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ሙቢ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ ነገ ሰው ሊመጣ ነው። ታይፎይድ ይዞኛል በይ።»

«ምን?»

«ሌላ ምን ልበል ልጄ? ምን ብዬ ልንገራቸው? ስሙን አንቺ ንገሪኝ።»

ሙቢና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ መጡ። ብርቱካን መጣ፣ ሙዝ መጣ፣ በካርቶን የታሸገ የማንጎ ጭማቂ መጣ። እትዬ ተሻለች የነቢያትን ጾም እየጾመች፣ በጾመኛ እጇ የገብስ ዱቄት በቅቤ አሽታ ጩኮ ሰርታ መጣች፤ ቅቤውን እንኳ አልቀመሰችም። «እኔ ጾመኛ ነኝ፤ አንቺ ግን ብይልኝ፣ ደም ይሆንሻል» ብላ በእጇ አጎረሰቻት። ሰርግ ቤት ያሾፈችው ሴት ደግሞ ከሁሉ ቀድማ መጥታ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «አፉ በይኝ፣ አላወቅኩም እኮ» አለች። ጋቢ በጋቢ ላይ ተደረበ። ያላቸውን ሙቀት ሁሉ ጫኑባት።

ሙቢና መጀመሪያ ልትሞት ደረሰች በእፍረት። ከዚያ ግን አንድ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ሰው ሁሉ የሚጠይቃት «ተሻለሽ?» ብሎ ነው። «ስራ አገኘሽ?» የሚል ጠፋ። ለካ የታመመ ሰው ስለ ስራ አይጠየቅም። ስንት ወር ሙሉ ያቺን ጥያቄ ፈርታ ነው ከበር ያልወጣችው፤ ዛሬ ጥያቄዋ በሩን አልፋ መግባት አልቻለችም። ሰው ያዝንላታል፣ ግን አይንቃትም። ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ አታውቅም ነበር።

እናም ታይፎይዷን መውደድ ጀመረች። ጩኮው ጣፈጣት፤ ቅቤው ቅቤ፣ ገብሱ ገብስ ሆነላት። ሌሊቱን ሙሉ ተኛች፤ ጠዋት ስትነሳ ደረቷ ላይ ያለው ኩንታል ግማሽ ኩንታል ሆኖ አገኘችው። በቀን አንድ ነገር መስራቷ ቀረና ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ትሰራለች። አንድ ጠዋት እናቷ ሳታያት በራፍ ላይ ወጥታ ፀሐይ ሞቀች። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ ለማን እንደመጡ ሳያውቁም ያድናሉ። ትንሽ ቀን ቢሰጧት ልጅቷ በውሸት በሽታ ከእውነተኛው በሽታዋ ትድን ነበር፤ ይህን የምለው ሳልምል ነው።

ጠይባ ግን በየቀኑ እየከበዳት ሄደ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ጠያቂ በሞላበት ቤት ውሸት ተሸክሞ አያውቅም። ትኩሳቱ ስንት ደረሰ ይሏታል፤ ቁጥር ትፈጥራለች። የትኛው ሐኪም አያት ይሏታል፤ ሐኪም ትፈጥራለች። በየጥያቄው አንድ ድንጋይ እየጨመረች፣ ከአጥር የማይተናነስ ነገር ካበች።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አቶ ይርሳው መጣ። ይርሳው ከጎጃም በአስተማሪነት ተመድቦ መጥቶ አርሲ ላይ የሸበተ ሰው ነው። ኋላ ማስተማሩን ትቶ የአንድ ዱቄት ፋብሪካ ሒሳብ ሹም ሆኗል። ሙቢና በሮጠችበት ዘመን ወረቀቷን ይዛ እሱም ጋ ደርሳ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ጠይባና እትዬ ተሻለች ተቀምጠዋል፤ ተመርቃ ስራ የምትፈልገው የጠይባ የእህት ልጅ ኢስራ ሻይ ትቀዳለች። ሙቢና ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጋቢዎቿ ስር ሆና ትሰማለች።

«እግዜር ይማራት» አለ ይርሳው፣ አናናሱን ጠረጴዛው ላይ እያኖረ። «ወይ አጋጣሚ! ዛሬ ጠዋት ነው እኮ ስሟን ያነሳሁት። ገንዘብ ያዣችን አረብ አገር ሄደች፤ እህሉ በገባበት ሰሞን ጥላን ሄደች። ባለቤቱ ‹ማስታወቂያ ምናምን አታብዛብኝ፣ የምታምነውን ሰው አምጣ፣ ሰኞ ይጀምር› አለኝ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ የመጣችልኝ ሙቢና ናት። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት፣ ወረቀቷም ጥሩ ነው። ምን ያደርጋል! ጤና ይቀድማል።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሙቢና ትንፋሿን ያዘች። ፈልጊ፣ ፈልጊ ሲሏት የነበረው ሰው ይኸው በእግሩ መጥቶ፣ ሻይ እየጠጣ፣ ስሟን እየጠራ ነው።

«መቼ ትነሳ ይሆን ግን ጠይባ? ሰኞ የማይሆን ነው?»

ጠይባ ዝም አለች። ሙቢና የእናቷን ዝምታ ታውቀዋለች፤ «ይሆናል» ልትል እንደሆነ ገባት። በልቧ በይ፣ በይ፣ በይ አለቻት።

«ኧረ የምን ሰኞ!» አለች እትዬ ተሻለች። «ትናንት ላብ በላብ ሆና አይደል ያገኘኋት? አንሶላዋን የጨመቅኩት እኔ አይደለሁ? ሐኪሙስ ምን አለ፣ ጠይባ?»

ሁለቱም ጠይባን አዩ። ምንም አይደለም፣ ደህና ናት ብትል ጩኮውስ? ጸሎቱስ? የጨመቁላት አንሶላስ? ደግሞስ ልጅቷ ሰኞ ሄዳ፣ ማክሰኞ ያ ነገር ተነስቶባት፣ በማያውቋት ሰዎች መሃል ወንበር ላይ ደርቃ ብትቀርስ? ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ በጠይባ ፊት አለፈ።

«ወር ሙሉ ከአልጋ እንዳትነሳ ነው ያላት» አለች።

ሙቢና ጋቢውን ገፈፈች። እግሯ መሬት ሲነካ ያን ቀን ምን አንድ ነገር ልትሰራ እንደነበር ረሳችው። ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች፣ ጸጉሯ በአንድ ጎን ተኝቷል፣ ያ ሁሉ ጋቢ ያላበው ፊቷ ያበራል። መጋረጃውን ገፍታ ሳሎኑ መሃል ቆመች።

«አልታመምኩም» አለች። «ጋሽ ይርሳው፣ ታይፎይድ የለብኝም። ኖሮብኝም አያውቅም። ሰኞ እመጣለሁ።»

ድምጿ ከአሰበችው በላይ ጮኸ። ኢስራ የያዘችውን ብርጭቆ ለማስቀመጥ ቦታ ጠፋባት። ሁሉም ቀስ ብለው ወደ ጠይባ ዞሩ፤ ሙቢናም ዞረች። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። «እውነቷን ነው» ብትል በቃ። ያፍራሉ፣ ይስቃሉ፣ አንድ ሳምንት ያወራሉ፣ ያልፋል።

ጠይባ ልጇን አየቻት። ከዚያ እትዬ ተሻለችን አየች።

«ትኩሳቱ ነው» አለች። «ሲነሳባት እንዲህ ያስቃዣታል።»

«እኮ! ታይፎይድ እኮ ያስለፈልፋል» አለች እትዬ ተሻለች፣ ብድግ ብላ ግንባሯን እየነካች። «ዋይ! እሳት ናት! እሳት!»

«ተሸፍኜ ስለነበር ነው፣ እትዬ!»

«አዎ የኔ እናት፣ አዎ» አለቻት፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

ይርሳው ተነስቶ ቀረብ አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ሰውየው ክፋት የለበትም፤ ያስመረራትም ይኸው ነው፤ ከመሃላቸው አንድ ክፉ ሰው ብታገኝ በእሱ ትናደድ ነበር። «እሺ ልጄ» አላት በለሰለሰ ድምፅ። «ካልታመምሽ ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ለምን ተኛሽ?»

አፏን ከፈተች። ምን ልትለው ነው? ታይፎይድ የለብኝም፣ ያለብኝ ሌላ ነው ልትለው ነው? ታይፎይድ የያዛትን ልጅ ወር ጠብቆ የሚቀጥር ይገኝ ይሆናል፤ ያን ሌላውን ያለባትን ልጅ በገንዘብ ሳጥን ላይ የሚያስቀምጥ የለም። እውነቱ በሁለቱም ጫፍ ይቆርጣል።

«ደክሞኝ ነው» አለች።

«ይኸው ነዋ ታይፎይድ!» አለች እትዬ ተሻለች። ግራና ቀኝ ደግፈው መልሰው አስተኟት። ይርሳው ጫማውን እያጠለቀ በር ላይ ኢስራን ምን ተምረሽ ነው የተመረቅሽው ሲላት፣ ኢስራም በጣም ዝቅ ብላ «ማኔጅመንት» ስትለው ተሰማ። «እንግዲያው እሷ እስክትድን አንቺ ብትይዥው...» አለ። እስክትድን የተባለ ወንበር ተመልሶ እንደማይለቀቅ ሁሉም ያውቃል። 

ሰው ሲወጣ ጠይባ መጋረጃው ጋ ቆመች፤ አልገባችም።

«ለምን እማ?» አለች ሙቢና።

«ስራ ሌላ ይመጣል። ስም ግን...» ጠይባ አልጨረሰችውም። «እዚያ ሄደሽ ብትወድቂብኝስ?»

«እዚህስ አልወደቅኩም?»

ጠይባ ወደ ድስቷ ሄደች።

በማግስቱ ሙቢና በአንድ ጠዋት የወር ስራ ሰራች። ታጠበች፣ አበጠረች፣ ሸሚዟን ተኮሰች፣ ሂጃቧን መስታወት ፊት አስተካከለች። በእያንዳንዱ መሃል እየተቀመጠች ታርፋለች፤ ግን ሰራችው። እናቷ ገበያ እንደወጣች ሹልክ ብላ ወጣች። ውርጩ ገና ሳሩ ላይ ነጭ ነው፤ ስንዴ የጫኑ አይሱዙዎች ፋብሪካው ፊት ተሰልፈዋል። ዘበኛው ይርሳውን ጠራላት። ሰውየው መጥቶ ሲያያት ደነገጠ፤ ከበሩ ወዲያ ቆሞ፣ እጁን እንኳ ሳይዘረጋ ሰላም አላት።

«ጋሽ ይርሳው፣ ይኸው ይዩኝ። ደህና ነኝ።»

አያት። እውነትም ትናንት ያያት ልጅ አልመሰለችውም። «ልጄ፣ ምን ላድርግ? ከዚህ የሚወጣው የከተማው ዳቦ ነው። ታይፎይድ የሚለው ስም እዚህ ግቢ ውስጥ ከተሰማ ባለቤቱ እኔንም አብሮ ያባርረኛል።» አገጩን አከከ። «እንዲህ እናድርግ። ምርመራ ሂጂ። የለባትም ይበሉና ወረቀቱን አምጪልኝ፤ ቦታው ያንቺ ነው። ለኢስራ እኔ እነግራታለሁ። እስከ ከሰዓት እጠብቅሻለሁ።»

ሙቢና ከፋብሪካው በር ስትመለስ እየሮጠች ነበር። የሌለባትን በሽታ የለባትም ማስባል፤ ከዚህ የሚቀል ምን አለ? ከመንገድ ዳር ካሉት የግል ክሊኒኮች በመጀመሪያ ያየችው ውስጥ ገባች። ደስታ ደረቷን ወጠረው፤ እንዲህ ከሆነላት ስንት ጊዜ እንዳለፈ ማስታወስ አልቻለችም።

የመረመራት ወጣት እስክሪብቶውን አነሳና «ምን ይሰማሻል?» አላት።

ምንም ብላ ብትዘጋው ጥሩ ነበር። ግን ይህን ጥያቄ እንዲህ ቀጥ አድርጎ፣ መልሷን ሊሰማ እስክሪብቶ ይዞ፣ እስካሁን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስታስበው የነበረውን ረስታ እውነቱ ከአፏ ፈሰሰ። እህል አይበላልኝም ነበር አለች። እንቅልፍ አጣለሁ፤ ሲመጣም አይለቀኝም። ሰውነቴ ይዝላል። ራሴን ይከብደኛል። ጠዋት መነሳት ያቅተኛል። ልብሴን መልበስ ያደክመኛል።

«ከጀመረሽ ቆየ?»

«ቆየ።»

ወጣቱ እያንዳንዱን እየጻፈ ራሱን ነቀነቀ። ደም ሰጠች። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ስሟ ሲጠራ ተነስታ ገባች።

«ታይፎይድ ነው» አላት።

ሙቢና ሳቀች።

«ምን ያስቃል? ሰንብቶብሻል። ምልክቱ ሁሉ አንድ ሳይቀር አለሽ።»

አሰላ ውስጥ ደሙን ሰጥቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው እኔ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ካላችሁ ጥሩልኝ። ሙቢና ግን ያን ቀን ይህን ማሰብ አልቻለችም። ጠረጴዛውን ይዛ ወደ ወጣቱ ጎንበስ አለች፤ ከኋላዋ በሩ ክፍት ነው፣ ወረፋ የያዘው ሰው ይሰማል።

«ታይፎይድ አይደለም» አለች በሹክሹክታ። «የኔ ከውስጤ ነው። ይጨንቀኛል። ሁሉም ነገር ያስጠላኛል። እሱ ነው እንጂ...»

በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አለችው። ወጣቱ ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ ላይ ርኅራኄ ነበር።

«ታይፎይድ ጭንቀት አለው እኮ» አላት። «አይዞሽ። መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ስትጨርሺ እሱም ይለቅሻል።» ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ፋብሪካው በላይኛው መንገድ ነበር፤ ሙቢና በታችኛው ሄደች። አልቸኮለችም። ኩንታሉ ሙሉውን ተመልሶ ደረቷ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከነጆንያው።

ሙቢና ቤት ስትደርስ እናቷ ከገበያ ተመልሳ፣ ባዶ አልጋ አግኝታ፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ በራፉ ላይ ቆማ ነበር። «የት ነበርሽ? የት? ልቤ እኮ...» የክኒኑን ከረጢት አየች።

«ክሊኒክ ነበርኩ።»

የጠይባ ፊት ደም ለቀቀው። ያ ስም ከሐኪም አፍ እንደወጣ መስሏታል። «ምን አሉሽ?» አለች፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ታይፎይድ ነው አሉኝ።»

ጠይባ ወዲያው አልገባትም። «በምርመራ? በደም?»

«በደም።»

እዚያው ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ በሁለት እጇ ፊቷን ይዛ። «አልሃምዱሊላህ» አለች። «አልሃምዱሊላህ! አልዋሸሁም ለካ! ያረቢ፣ አልዋሸሁም! ታይፎይድ ነው፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ታይፎይድ ብቻ ነው!» የልጇን እጅ ስባ ሳመችው፣ ግንባሯን ሳመችው፣ ከረጢቱንም ሳመችው። ተነስታ በአጥሩ በኩል «ተሻለች! ተሻለች!» ብላ ተጣራች፤ መልሱን ሳትጠብቅ ሮጣ ገብታ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ወጣች።

«በይ ዋጪ። አሁኑኑ።»

ሙቢና ብርጭቆውን ሳትቀበል እናቷን አየች። ከዓመት በላይ በእናቷ ፊት ላይ ተቀምጦ የነበረው ፍርሃት ሄዷል። ጠይባ ልጅ የሆነች ያህል ታበራለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢበቃ ነው ያን ፊት መልሶ ለማጥቆር፤ ሙቢና ዓረፍተ ነገሩን ታውቀዋለች፤ ገና ከሰዓት በፊት ክሊኒክ ውስጥ ተናግራው መጥታለች።

ክኒኑን ተቀበለችና ዋጠችው።